ከመፍረሱ በፊት የቤቱ ውስጥ ይመዝገብ

የአንድ ከተማ ታሪክ በአደባባይ ሐውልቶችና በታላላቅ ግንቦች ላይ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ሠርቶ አዳሪው ሕዝብ ልጆቹን ያሳደገባት፣ ከድካሙ ያረፈባት ጠባብ ክፍልም የታሪክ ሰነድ ናት። ይህች ሰነድ ግን ቤቱ በሚፈርስበት ዕለት ትቢያ ትሆናለች።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲካሄድ በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በእንዲህ ያሉ ሠፈሮች፣ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት በቀበሌ ሥር የገቡ ቤቶች ብዙዎች ነበሩ። ከደጅ የተነሣ ፎቶግራፍ የቆርቆሮውን ክዳንና የበረንዳውን እንጨት ያሳየን ይሆናል። የአቡጀዲውን ኮርኒስ፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ፣ አንዱን ክፍል ለሁለት የከፈለውን መጋረጃ ግን ከቶ ሊነግረን አይችልም።

ጉዳዩ በሌሎች አገሮችም የታየ ነው። በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ፣ የሠራተኞችን ሠፈር ለማፍረስ የተቋቋመው አካል ራሱ ቶማስ አናን የተባለውን ፎቶግራፍ አንሺ ቀጥሮ እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ጠባቦቹን መተላለፊያዎች አስነሥቷል። ሥራው የሚደነቅ ቢሆንም በፎቶግራፎቹ የሚታየው በዋነኛነት ደጁ ነው። ጄኮብ ሪስ ደግሞ በኒው ዮርክ የድኾችን ክፍሎች በብልጭታ ባሩድ ብርሃን አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1890 በመጽሐፍ አወጣ። ፎቶግራፎቹ ለመኖሪያ ቤት መሻሻል ጠቅመዋል። ነገር ግን ነዋሪዎቹ ብዙ ጊዜ በሌሊት በድንገት የተነሡ እንጂ የምስላቸው ባለቤቶች አልነበሩም።

ከዚህ የምንረዳው፣ መቅረጹ ብቻ በቂ አለመሆኑን ነው። የቤቱን ታሪክ መመዝገብ ያለበት በቅድሚያ በቤቱ የኖረው ሰው ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ችግርን ፎቶግራፍ ማንሣት ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ድኽነትን ለማሞገስም ሆነ ለመሸፈን አንሻም። ሕዝቡ እንዴት ይኖር እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ፣ አዲሱ ቤት ከአሮጌው መሻሉን፣ ጉርብትናውስ መጠበቁን በምን እናመዛዝናለን?

በመሆኑም የነዋሪ ማኅበራትና እድሮች ይህን ሥራ ሊያስተባብሩ ይገባል። የእጅ ስልክ ይበቃል። በርና መስኮቱ ተከፍቶ፣ ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥ በርጩማ ላይ ተደግፎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከአራቱም ማዕዘን ይነሣ፤ ዕቃው ሳይወጣ አንድ ጊዜ፣ ከወጣ በኋላም ሌላ ጊዜ። ከምስሉ ጋር ቀኑ፣ የቤቱ ቁጥር፣ በክፍሉ የኖረው ሰው ብዛት፣ ወርኃዊው ኪራይ፣ ማድ ቤቱንና መጸዳጃውን የሚጋሩት አባወራዎች ቁጥር ይጻፍ። ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ መኝታም ሆነ ፊት አይነሣ። ክዳኑና ማገሩ መነቀል ከጀመረ በኋላ ግን ማንም ወደ ውስጥ አይግባ።

አንዱ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ ሁለተኛው ለማኅበሩ መዝገብ ይሁን። የሠራተኛው ልጅ ነገ «አባቶቼ የት ኖሩ?» ብሎ በሚጠይቅበት ጊዜ፣ መልሱን ከራሱ ወገን እጅ ሊያገኝ ይገባዋል።