የዘንድሮው የእድር አጀንዳ ልጅ አስተዳደግ ይሁን!

ወላጆች! ልጆቻችንን እናስከትባለን፤ መስከረም ሲጠባ ተበድረንም ቢሆን ደብተርና ዩኒፎርም እንገዛለን፤ ሲታመሙብን ሌሊቱን ቁጭ ብለን እናነጋለን። ለልጅ የማንሆነው የለም። ሳንመታ መቅጣትን፣ ሴትና ወንድ ልጅን ሳናበላልጥ ማሳደግን ግን ማንም አላስተማረንም። የምናውቀው የተቀበልነውን ነው፤ አብዛኞቻችን የተቀበልነው ደግሞ አለንጋ፣ ቁንጥጫ፣ መንበርከክና የበርበሬ ጭስ ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እየተባልን አደግን፤ ዛሬ ተራው የእኛ ሆኖ ያንኑ እየደገምነው ነው።

እስቲ በየቤታችን ያለውን አንድ ምሽት እንይ። እህትና ወንድም አንድ ዓይነት ቦርሳ አንግተው ከአንድ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። እሷ ዩኒፎርሟን እንዳወለቀች ሽንኩርት ትልጣለች፤ ሰሃን ታጥባለች፤ ሕፃኑን ታዝላለች። እሱ ኳሱን ይዞ ይወጣል። እሷ የቤት ሥራዋን ስትከፍት ዓይኗን እንቅልፍ ይዞታል። እሱ አንድ ቀን ተነሥቶ ሰሃን ቢያጥብ ጎረቤቱ «ሴታ ሴት» ብሎ ይስቅበታል፤ ወድቆ ቢያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይባላል። እህቱን ቢመታት ደግሞ «ምን ብታደርጊው ነው?» ተብላ የምትጠየቀው እሷው ናት። እሷ ችሎ ዝም ማለትን፣ እሱ ማዘዝን ተምረው ይተኛሉ። ጉልበት ያለው ሁልጊዜ ልክ ነው የሚለውን ግን ሁለቱም እኩል ተምረዋል።

የዚህ ትምህርት ውጤት በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ወጥ ማሳረርን፣ ሳይናገሩ ከቤት መውጣትንና መከራከርን የመሳሰሉ ምክንያቶችን እየጠቀሰ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ቢያንስ ለአንዱ ምክንያት «አዎ» ያሉት ከወንዶቹ 28 በመቶ ሲሆኑ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግን 63 በመቶ ናቸው። እነዚህ ሴቶች ዱላ ወደው አይደለም። ዱላን የቤት ሥርዓት አድርገው የተቀበሉት በልጅነታቸው፣ በገዛ ቤታቸው ነው። እንግዲያው በነጭ ሪባን ቀንና በማርች 8 መፈክር አንግበን ወጥተን፣ ማታ ቤት ስንገባ ቀበቶ የምንፈታ ከሆነ ሰልፉ ምን ፋይዳ አለው?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ በአገራችን ተሞክሯል። በጉራጌ ዞን 64 ቀበሌዎች ውስጥ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ ጥናት ሰዎችን ያሰባሰበው ቡና ላይ ነበር። በአንዳንዱ ቀበሌ ወንዶች ለብቻቸው፣ በአንዳንዱ ሴቶች ለብቻቸው፣ በሌላው ደግሞ ባልና ሚስት አንድ ላይ ሆነው ለ14 ጊዜ ያህል ተወያዩ። ወንዶቹ ለብቻቸው በተወያዩባቸው ቀበሌዎች በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ቀነሰ፤ የወንዶች የቤት ሥራ ተሳትፎም ጨመረ። በሩዋንዳ «ባንደበረሆ» የተባለው ፕሮግራም ወጣት አባቶችን ለ15 ጊዜ፣ በከፊሉም ከሚስቶቻቸው ጋር አሠለጠነ። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በተደረገው ክትትል፣ ባለፈው ዓመት በባላቸው ተመትተናል ያሉት ካልሠለጠኑት ወገን 57 በመቶ፣ ከሠለጠኑት ወገን 33 በመቶ ሆነው ተገኙ። በሠለጠኑት ቤት ልጆችን መምታትም ቀንሷል። በከምባታም የቦጋለች ገብሬ ድርጅት ሕዝቡን ቁጭ አድርጎ አወያይቶ፣ የማይነካ ይባል የነበረውን የሴት ልጅ ግርዛት ማኅበረሰቡ በራሱ አንደበት እንዲያወግዘው አድርጓል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ባህል የሚለወጠው ባለቤቶቹ ተሰብስበው ሲመክሩበት ነው፤ ምክሩም ወንዱን ሲጨምር ይሠራል።

«ልጅ ካልተመታ ይባልጋል» የሚል ይኖራል። እኛ የምንጠይቀው የወላጆች ሥልጠና ግን ልጅን መረን መልቀቅ አይደለም። ሕግ አስቀድሞ መንገር፣ ያጠፋውን ራሱ እንዲያስተካክል ማድረግ፣ መልካም ሲሠራ አይቶ ማመስገን፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ ስልክን አስቀምጦ ከልጅ ጋር መጫወት፣ ንዴት ሲነሣ ከክፍሉ ወጥቶ ቀዝቅዞ መመለስ፤ እነዚህ ሁሉ በልምምድ የሚገኙ ሙያዎች ናቸው። ሥልጠናው የቤት ሥራ ክፍፍልንም ያነሣል፤ አንዱን ልምምድ እንይ። ግድግዳ ላይ ሁለት ትልልቅ ወረቀቶች ይለጠፋሉ፤ አንዱ የባል፣ አንዱ የሚስት። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እያንዳንዳቸው የሚሠሩት በየሰዓቱ ይጻፋል። ውኃ መቅዳት፣ ሊጥ ማቡካት፣ ልጅ ማጠብ እየተባለ የእሷ ወረቀት ሲሞላ የእሱ ገና ግማሹ ባዶ ነው። ቀጥሎ «ከዚህ ወረቀት ወደዚያኛው የትኛው ይሻገር?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እያንዳንዱ አባት አንድ ሥራ መርጦ ለሳምንቱ ይዞ ይሄዳል። ወንድ ልጁም አባቱን አይቶ ይከተላል።

ሕጉም ክፍተት አለበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካላዊ ቅጣት ይጠብቃል፤ የቤታችን ደጃፍ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። አባትነት የሦስት ቀን ጉዳይ ነው ያለ ይመስላል! ሕግ አውጪዎች ይህን እንዲያርሙ እንጠይቅ፤ እስኪያርሙ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ።

ስለዚህ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የወላጆች ሥልጠናን በአጀንዳነት ያዙ፤ «ልዩ ልዩ» ውስጥ አይደለም፣ በተራ ቁጥር አንድ! ድንኳኑ አለን፤ ወንበሩ አለን፤ ጀበናውም አለን። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራን፣ ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋና ክፍያ ሲዘገይ ብቻ አይሁን። ከ1995 ጀምሮ በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዘልቁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ስለ ክትባት ስትጠይቁ ስለ ዱላም ጠይቁ። የንስሐ አባቶች፣ ኢማሞች፣ ፓስተሮች፣ ልጅ መምታት የእምነት ግዴታ እንዳልሆነ ከመድረኩ ተናገሩ። እናቶች፣ ወንድ ልጃችሁን ከማጀት አታባርሩት። አባቶች፣ ሥልጠናው የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ሚስቶቻችሁን ብቻ አትላኩ። ቀድማችሁ ኑ፤ በእናንተ ዙር ቡናውን የሚቆላውም የሚያፈላውም ከመካከላችሁ ይሁን!

እኛ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሌሊትም ቢሆን ከአልጋችን ተነሥተን የምንወጣ ሕዝብ ነን። ለሞተ ሰው እንዲህ መነሣት ከቻልን፣ በሕይወት ላሉትና በየቤታችን ለሚያድጉት ልጆች መነሣት አያቅተንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጥሩምባው ለእነሱም ይነፋ። በዚህ ወር በየሰፈራችን የመጀመሪያውን ስብሰባ እንጥራ!