የመድኃኒት ዕድሜ ማስረጃ አይደለም

«ለሁለት ሺህ ዓመታት ሕዝብ ሲገለገልበት የኖረ መድኃኒት እንዴት አይሠራም ይባላል?» የቻይና ባህላዊ ሕክምና በተነሣ ቁጥር ይህ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ጥያቄው ቀላል ስላልሆነ በምሳሌ እንመርምረው፤ ምሳሌያችን የሚጥል በሽታ ነው።

በዚህ በሽታ የሚከሠተው መንቀጥቀጥ የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት በድንገት ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲለቁ የሚመጣ ነው። የጥንት የቻይና ሐኪሞች ግን መንስኤውን «የውስጥ ነፋስ» እና «አክታ» ሲሉ ገልጸውታል። ይህንንም ለማብረድ ቲያን ማ የተባለ የኦርኪድ ዝርያ ሥራ ሥርንና ጎው ቴንግ የተባለ ባለ መንጠቆ ሐረግን ከሌሎች ዕፅዋት ጋር ያፈላሉ።

ማብራሪያው ከዘመናዊው ሳይንስ ጋር አለመስማማቱ ብቻውን መድኃኒቱን ከንቱ አያደርገውም። ከጎው ቴንግ የሚገኘው ሪንኮፊሊን በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ መንቀጥቀጥን ሲቀንስ ታይቷል። ይሁን እንጂ አይጥ ሰው አይደለም። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ግምገማ ከ1,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉባቸውን 5 ጥናቶች መርምሮ፣ ሕክምናውን ለመደገፍ በቂ ማስረጃ የለም ሲል ደምድሟል።

ታዲያ «ድኛለሁ» የሚሉት ሁሉ ይዋሻሉ ማለት ነውን? አይደለም። የሚጥል በሽታ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ጋብ ይላል። ታማሚው አዲስ መድኃኒት የሚሻው ደግሞ በበረታበት ሰሞን ነው። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ጋብ ሲል ምስጋናው ለጠጣው ዕፅ ይሆናል። ማነጻጸሪያ ቡድን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሆንግ ኮንግ የወጣ ዘገባ እንዳመለከተው፣ «ባህላዊ» ተብለው በተሸጡ መድኃኒቶች ውስጥ ፌኒቶይንን የመሰሉ ዘመናዊ መድኃኒቶች ሳይገለጹ ተቀላቅለው ተገኝተዋል፤ ተጠቃሚዎችም ተመርዘዋል።

ጉዳዩ የክርክር ማሟሟቂያ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ተገቢ ምርመራና ሕክምና ቢያገኙ ከሕሙማኑ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ከመንቀጥቀጥ ነፃ ሆነው መኖር ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሚሠራበት ፌኖባርቢታል ዛሬም ርካሽ ነው። «ተፈጥሯዊ» የተባለውን ተማምኖ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ግን የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትልና ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል።

በአንጻሩ ባህላዊ ዕውቀትን ሁሉ መናቅም ሳይንስ አይደለም። ቱ ዩዩ ከጥንታዊ የቻይና የሕክምና መጽሐፍ ፍንጭ ተነሥታ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦችዋ ጋር አርቴሚሲኒንን ለይታ አወጣች፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፈለች። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው። ቱ ዩዩ ግን በመጽሐፉ ዕድሜ አልተማመነችም፤ አወጣጡን ለወጠች፣ በእንስሳት ላይ ሞከረች፣ ከዚያም በሰው ላይ አረጋገጠች።

እንግዲህ ወጣት አንባቢያን፣ የጥንቱ ዕውቀት የት እንደምንፈልግ ይጠቁመናል፤ ማግኘታችንን የሚነግረን ግን ፈተናው ብቻ ነው። ይህ ሚዛን ለቻይናው ሐረግም፣ ለእኛው ሥራ ሥርም፣ ከፋብሪካ ለወጣው እንክብልም አንድ ሊሆን ይገባል። ያ ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ታማሚው የታዘዘለትን መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጥ።