የቀረውን ማን ይጠብቀው?

እሑድ እሑድ ጎህ ሲቀድ አምስት ሆነን 25 ኪሎ ሜትር እንሮጣለን። ስንነሳ ሳቁና ቀልዱ ሌላ ነው፤ ዳገቱ ሲመጣ ግን ሁሉም ዝም! ባለፈው ጊዜ አንዱን ጓደኛችንን ጎኑን ወጋውና ወደ ኋላ ቀረ። እኛም ሰዓታችን እንዳይበላሽ ብለን ጥለነው ሄድን። ከዚያ ወዲህ ልምምድ አልመጣም። ጥፋቱ የእኔም ነው።

እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ ቢቂላ በጉዳት ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ቆሞ አልጠበቀውም፤ ሮጦ አሸነፈ። ያ ግን ውድድር ነው። የልምምዱ ረጅም ሩጫ ጉልበት ለማጠራቀም እንጂ ለመቀዳደም አይደለም።

እጩ መምህራን ሆይ! ዛሬ ዳገት ላይ ጓደኛውን ጥሎ የሚሄድ፣ ነገ ትምህርት የከበደውን ልጅ እንዴት አድርጎ ይጠብቃል? እኛ የፊታችን እሑድ በሩን አንኳኩተን፣ ይቅርታ ጠይቀን ይዘነው እንወጣለን። እናንተስ?