የተራራን ሣር ከሰማይ ለይቶ ስለ ማወቅ

መሬትን የሚያስተዳድር ሹም በመሬቱ ላይ የበቀለውን ለይቶ ማወቅ የተገባው ነው። ገበሬ ሰርዶን ከሙጃ፣ ሰንበሌጥን ከአክርማ ሳይለይ ከብቱን አያሰማራም፤ ቤቱንም አይከድንም። በላዩ የተሾመው ግን ሁሉንም «ሣር» በሚል አንድ ቃል በመዝገብ ቢያሰፍረው፣ ፍርዱና ትእዛዙ በማያውቀው ነገር ላይ የቆመ ይሆናል።

ለዚህ ጉዳይ በዘመናችን አዲስ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ይኸውም ምድርን ከሰማይ በሳተላይት መመልከት ነው። አሜሪካ የመጀመሪያዪቱን ላንድሳት በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ካመጠቀች ወዲህ የምድር ሥዕል ሲነሣ ኖሯል። አውሮፓውያንም በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሴንቲኔል 2 የተባለችውን አስከተሉ። ኢትዮጵያም በበኩሏ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለችውን ሳተላይት በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አስመጥቃ፣ ሥዕሉን በእንጦጦ ጣቢያዋ ለመቀበል በቅታለች።

የአሠራሩም ነገር እንዲህ ነው። ለምለም ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን ውጦ ያስቀራል፤ የሰው ዐይን የማያየውን ከቀይ ወዲያ ያለውን ብርሃን ግን አብዛኛውን ይመልሳል። ቀጭኑና ሰፊው፣ ውሃ ያዘለውና የደረቀው፣ ለጋውና ያረጀው ቅጠል ሁሉ የሚመልሰው ብርሃን የተለያየ ስለ ሆነ፣ መሣሪያው ልዩነቱን በቁጥር ይመዘግባል። ስለዚህ በአንድ ወቅት የሚመሳሰሉ ሁለት ሣሮች፣ አንዱ ቀድሞ ሲያብብ ወይም ሲደርቅ ሊለዩ ይችላሉ።

ይህ እውቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የመንዝ ጓሳ ምስክር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርሰው በዚህ ደጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው ምድር ላይ፣ ስፍራው ስሙን ያገኘበት የጓሳ ሣር ይበቅላል። ሕዝቡ ቤቱን ይከድንበታል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ለዝናብም ገሣ ይሠራበታል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም በዚሁ ምድር ይኖራሉ። የቀድሞ አባቶች ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ስፍራውን ለዓመታት እየዘጉና በወቅቱ እየከፈቱ ለብዙ ዘመን ጠብቀውታል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያስቀር ቀሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና ማኅበር አቁሞ ጥበቃውን መልሷል።

እንግዲህ አንድ ሹም ይህን የመሰለ ስፍራ መሻሻሉን ወይም መጥፋቱን በሳተላይት ሥዕል ለመፍረድ ቢነሣ፣ ትልቅ ስሕተት ያሰጋዋል። ይኸውም አረንጓዴውን ሁሉ መልካም ነው ብሎ መቁጠር ነው። የጓሳ ሣር በጉቻ የሚበቅል ሲሆን፣ ያረጀና የደረቀ ቅጠሉን በላዩ ስለሚያቆይ በደንብ የተጠበቀው መስክ በሥዕሉ ደብዝዞ ይታያል። ከብት አብዝቶ የረገጠው ስፍራ ግን ዝናብ ሲያገኝ በአረምና ከብት በማይበላው ቁጥቋጦ ተሸፍኖ ለምልሞ ሊታይ ይችላል። የሣሩን ዓይነት ሳይለይ በልምላሜ ብቻ የሚፈርድ ሰው፣ የጠበቀውን ይወቅሳል፤ ያጠፋውን ያመሰግናል።

ሥዕሉም ወሰን አለው። የሴንቲኔል ሥዕል እያንዳንዷ ነጥብ በጎን 10 ሜትር፣ በስፋት 100 ካሬ ሜትር ናት፤ በእርሷም ውስጥ ጓሳውና ሌላው ሣር፣ ቁጥቋጦውና ባዶው አፈር ተደባልቀው እንደ አንድ ይታያሉ። የጓሳ ምድር ብቻውን አንድ ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይሆናል። በክረምትም ደመናው ተራራውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ መሣሪያው የሣሩን ማኅበር እንጂ እያንዳንዱን ሣር ለይቶ ያሳያል ማለት አይቻልም።

አንዳንዶች ሥዕሉ ካለ ወደ ተራራ መውጣት ለምን ያስፈልጋል ይላሉ፤ ሌሎችም አገር ያወቀውን ሣር ሳተላይት ምን ያስተምረናል ይላሉ። ሁለቱም ከመንገዱ ወጥተዋል። ሽማግሌው ሣሩን በስሙ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ተራራውን ሁሉ ባንድ ቀን ሊያይ አይችልም። ሳተላይቱ ሁሉን ያያል፤ ስሙን ግን አያውቅም።

ስለዚህ አስተዳዳሪዎችና ባለይዞታዎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ ይበጃል። አንደኛ፣ ሣሩን የሚያውቁ አጫጆችና እረኞች ከባለሙያው ጋራ በመስኩ ዞረው የእያንዳንዱን ስፍራ ሣር በስሙ ያስመዝግቡ፤ ሥዕሉም በዚሁ ይመዘን። ሁለተኛ፣ ሥዕሉ በአንድ ወቅት ብቻ ሳይወሰን ከክረምት መውጫ እስከ በጋ ማብቂያ ተከታትሎ ይታይ። ሦስተኛ፣ በግጦሽ ወሰንና በቅጣት ነገር በሥዕል ብቻ ማንም አይፈረድበት።

በአዲስ አበባ ምሥራቅ ያለውን ገርጂን የሚመለከት ሰው የዚህን ምክር ቁም ነገር ያስተውላል። ላንድሳት ሥራ ስትጀምር ገርጂ ከከተማው ዳር የነበረ ገጠር ነበር፤ ዛሬ ቤትና መንገድ ሞልቶበታል። የሰማይ ሥዕል የሣሩን መጥፋት መዝግቧል፤ በመስኩ የነበረው ሣር ምን ምን እንደ ነበረ ግን ሥዕሉን ብቻ ይዞ የሚነግር የለም። የመንዝና የሌሎቹ ተራሮች ሣር እንዲህ እንዳይሆን፣ ስሙን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጻፍ የየወረዳው ሹም ሥራ ነው።