ሁለቱ ቡጢኞች

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆ ሉዊስና ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በቡጢ ገጠሙ። ሽሜሊንግ የሉዊስን ግድፈት አስቀድሞ አጥንቶ ነበርና በ12ኛው ዙር ጣለው። የጀርመን ገዢዎች ግን የአንዱን ሰው ትጋት የዘራቸው ብልጫ ነው ብለው አወሩ።

ሉዊስ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ1938 ዓ.ም. በዚያው ከተማ እንደ ገና ተገናኙ። 70 ሺህ ያህል ሕዝብ ተሰበሰበ። ሉዊስ በ2 ደቂቃ ከ4 ሰኮንድ ድል አደረገ፤ ዘግይቶ የገባ ሰው መቀመጫውን ሳያገኝ የሚያልቅ ጊዜ ነው። ድሉስ የሚገባው ነበረ። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ሽሜሊንግን እንደ ሂትለር ቆጥረው ጠሉት፤ ይህ ፍርድ ቅን አልነበረም። ከሂትለር ጋር ማዕድ መቅረቡ እውነት ነው፤ ሆኖም የፓርቲው አባል አልሆነም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አይሁድ በጀርመን ሲደበደቡ፥ ሁለት የአይሁድ ልጆችን በርሊን ባረፈበት ሆቴል ሸሽጎ አዳነ፤ ይህንንም ብዙ ዘመን ለማንም አልተናገረም።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሉዊስን ጎበኘው፤ ወዳጆችም ሆኑ። ሉዊስ በግብር ዕዳ ደኽይቶ ነበረና በ1981 ዓ.ም. ሲሞት ሽሜሊንግ ለቀብሩ ወጪ ገንዘብ ሰጠ።