ከጅግራው በፊት ቆጡ ይሠራ

የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ሲደረግ ዶሮና እንቁላል፣ ወተት፣ ማርና ዓሣ ከየቤቱ ገበታ እንዳይጠፉ ታስቦ ነበር። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን «ዶሮ» ሲባል ደጋውም ቆላውም የሚታሰበው ያው የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት ነው።

ጋምቤላ ደጋ አይደለችም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ብዙ እንቁላል እንዲጥል የተዳቀለው ዶሮ በዚህ ሙቀት ክንፉን ዘርግቶ ያለከልካል። ጅግራ ግን አገሯ ነው። ምስጥና ፌንጣ፣ መዥገርም ሳይቀር ለቅማ ታድራለች፤ እባብ ስታይ መንደሩን በጩኸት ታነቃለች። ታዲያ የቆላው ሰው ከዶሮው ጎን ጅግራ ቢያረባ ምን ይከለክለዋል?

የሚከለክለው ቤት ነው። ወፏን ማደል ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ማቆየቱ ነው።

ጋና ይህን በውድ ዋጋ ተምራለች። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ለጅግራ ርባታ 15 ሚሊዮን ሲዲ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ሕዝቡ «ጅግሮቹስ የት አሉ?» ብሎ ሲጠይቅ «ወደ ቡርኪና ፋሶ በረሩ» የሚል ምላሽ ተሰማ፤ ነገሩም የአገር መሳለቂያ ሆነ። ስለ ገንዘቡ የተነሣው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ጅግራ ቤቴ የምትለው ቦታ ካላገኘች እንደምትሄድ ግን ማንም አርቢ ያውቀዋል።

ጅግራ በጨለማ መሬት ላይ ማደር አትወድም። ከፍ ያለ ቆጥ ካላገኘች የማንጎ ዛፍ ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ወዲያ አታወርዷትም። ስለዚህ ቤቱ ረጅም፣ ቆጡም ከዶሮዎቹ ቆጥ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ለጋምቤላ የሣር ክዳንና ነፋስ የሚያስገባ ግድግዳ ከቆርቆሮ ይሻላል። ባሮ ሲሞላ ውሃ የሚተኛበት ሰፈር ከሆነ ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ቀዳዳው ደግሞ ሸለምጥማጥ የማያስገባ ይሁን። አዲስ የመጡ ጅግሮች ቤቱን እስኪለምዱ ለጥቂት ሳምንታት ሳይለቀቁ ይቆዩ።

ሁለተኛው ጉዳይ መጣያው ነው። ዶሮ ሣጥን ውስጥ ትጥላለች፤ ጅግራ ሣር ውስጥ ትደብቃለች። ብዙዎቹ አንድ ጎጆ ስለሚጋሩ ከ20 በላይ እንቁላል አንድ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ቀድሞ የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ አርጃኖ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። እስከ ቀትር ድረስ ቤት ውስጥ ቢቆዩ አብዛኛውን እዚያው ይጥሉታል፤ በቤቱ ጨለምለም ያለ ጥግ ላይ ሣር ተጎዝጉዞ ከፊቱ ቅጠል ቢጋረድ ይወዱታል። እንቁላል ሲነሣም ሁሉንም ጠራርጎ መውሰድ አይገባም፤ ጥቂት ካልቀረ ጎጆውን ጥለው ሌላ ይፈልጋሉ።

ዶሮና ጅግራ አብረው ይኖራሉ፤ ሰላማቸው ግን በቦታ ስፋት ይለካል። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ጅግራ አውራውን ያሳድዳል፣ ዶሮዎቹን ከመኖ ያባርራል። መስጫና መጠጫው በሁለት ቦታ ቢሆን ጠቡ ይቀንሳል። ጅግራ በዝናብ ወቅት ትጥላለች፤ ጫጩቶቿን እርጥብ ሣር ውስጥ እየጎተተች ስለምትዞርም ብዙዎቹ በብርድ ያልቃሉ። ስለዚህ እንቁላሉን ለሀገር ውስጥ ዶሮ ማሳቀፍ ይመረጣል። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የጅግራው ከ26 እስከ 28 ቀን ይወስዳል፤ ታቃፊዋ ሳትሰለች የምትቀመጥ መሆን አለባት። ፈንግል ሁለቱንም ይይዛልና ክትባቱ ዶሮውን ብቻ ከትቦ ማለፍ የለበትም።

«ጅግራማ ጫካው ሞልቶ የለም እንዴ? እንቁላሉን ሰብስቦ ማስፈልፈል ነው» የሚል ይኖራል። ይህ መንገድ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክን ማራቆት ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 የወጣውም ያለ ፈቃድ ከዱር መውሰድ እንዳይለመድ ነው። ዘሩ በርባታ ከተገኘ ወፍ ይምጣ።

በገጠር ዶሮው በአብዛኛው የእናቶች ሀብት ነው። የደብተርና የጨው ገንዘብ ከዚያ ይወጣል። አንዲት እናት ዛሬ አሥር ጅግራ ተቀብላ በሳምንቱ ዛፍ ላይ ብታያቸው የሚበርረው የመንግሥት ሪፖርት አይደለም፤ የእሷ ተስፋ ነው። የክልሉ ግብርና ቢሮ ሥራውን ለመጀመር ካሰበ በየወረዳው አንድ ሁለት ቤት አሠርቶ አንድ የዝናብና አንድ የበጋ ወቅት ይሞክር። ያደሩት ጅግሮችና የተገኘው እንቁላል ይቆጠሩ።

ስንት ጅግራ እንደታደለ መናገር ለማንም ይቀላል። ቁም ነገሩ በዓመቱ ስንቱ ቆጡ ላይ አደረ የሚለው ነው።