ይህኛው ወለምታ በቅቤ አይታሽም

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንላለን። የእግሩ ግን ሁሉም ይታሻል ብለን አምነናል። ባለፈው ቅዳሜ ካዛንቺስ አንድ የሰፈር ሜዳ ላይ ያየሁት ልጅ ተረከዙን አንስቶ ሊፈተለክ ሲል ተከላካዩ ከኋላ እግሩ ላይ ወደቀበት። አውራ ጣቱ ወደ ላይ ተቀለበሰ። "አይዞህ የኔ ጌታ፣ ወለምታ ናት" አሉት አንድ ጎልማሳ፤ ጣቱን ይዘው ሳቡት። የልጁ ጩኸት እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

የእግር አውራ ጣት ሁለት አጥንት ብቻ ነው ያለው፤ ሌሎቹ ሦስት ሦስት አላቸው። ከእግር መዳፍ ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ሥር ግን አተር የሚያካክሉ ሁለት አጥንቶች አሉ። እነሱን ያቀፈ ወፍራም የጅማት ንጣፍ ከታች፣ ሌሎች ጅማቶች ደግሞ ከግራና ከቀኝ መጋጠሚያውን ይይዙታል። ስንሮጥም ሆነ ስንዘል መሬቱን ገፍተን የምንነሳው በዚህ መጋጠሚያ ነው። ከልኩ በላይ ሲቀለበስ ንጣፉ ይለጠጣል፣ በከፊል ይበጠሳል ወይም ጨርሶ ይገነጠላል።

በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለዚህ ጉዳት "ተርፍ ቶ" የሚል ስም ሲያወጡ ተጠያቂ ያደረጉት ጠንካራውን ሰው ሠራሽ ሣርና እንደ ልብ የሚተጣጠፈውን ጫማ ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባ ሰፈሮችም ሰው ሠራሽ ሣር ለብሰዋል፤ ልጆቻችንም ሶሉ በሳሳ ጫማ ይጫወቱበታል።

ወጌሻን ማጣጣሌ አይደለም። የኳስ ቡድኖቻችን እንኳ ሜዳ ገብቶ የሚያክመውን ሰው ወጌሻ ነው የሚሉት። ነገር ግን የተበጠሰ ጅማት ሲጎተት ይብስበታል። በወጉ ያልታከመ መጋጠሚያ ደግሞ ውሎ አድሮ ይደርቃል፤ መራመድም ያሳምማል።

የሚሻለው በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ጣቱ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ በፕላስተር ማሰርና ሶሉ ደረቅ ጫማ ማድረግ ነው። የጣቱ ሥር ካበጠና ከጠቆረ፣ ወይም ተጎጂው በጣቱ ገፍቶ መነሳት ካቃተው፣ ሁለቱንም እግር በራጅ ማየት ያስፈልጋል። ቀላሉ ጉዳት በቀናት ይድናል፤ መካከለኛው ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የተገነጠለው ግን ወራት ይወስዳል፤ አንዳንዴም ቀዶ ጥገና ይጠይቃል።

የሰፈር ውድድር የምታዘጋጁ ወገኖች፣ ለማሊያና ለዋንጫ ከምታዋጡት ላይ ለበረዶና ለፕላስተር ቀንሱ። ጣቱ የተቀለበሰበትን ልጅ ደግሞ ራጅ ሳይነሳ አትሹት፣ አትሳቡት።